የአልጋ ዳር ትምህርትና የሆስፒታል ራውንድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በማስተማሪያ ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ ሰዎች፣ ከአስታማሚዎቻቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ ዋርድ (የታካሚዎች መኝታ ክፍል) ከሚገቡ የሕክምና ተማሪዎች በተለያየ ጊዜ የቀረቡልኝ ናቸው። የማስተምረው በውስጥ ደዌ ክፍል ስለሆነ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከዚያው የተወሰዱ ናቸው፤ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት እንዲሁም የማህፀንና ጽንስ ክፍሎች አሠራርም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራውንድ ምንድን ነው? ተማሪዎች «ቤድሳይድ» ከሚሉትስ በምን ይለያል?

ራውንድ የሕክምና ቡድኑ ተኝተው የሚታከሙትን ሰዎች አልጋ በአልጋ እየዞረ የሚያይበት፣ ሌሊቱን የታየውን ለውጥ የሚሰማበትና የዕለቱን ሕክምና የሚወስንበት ሥራ ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታል ቡድኑ ስፔሻሊስቱን (በዋርድ አነጋገር «ሲኒየሩን»)፣ ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን)፣ ኢንተርኖችን (በመጨረሻው ዓመት ላይ ያሉ ተለማማጅ ሐኪሞችን)፣ የክሊኒካል ዓመት ተማሪዎችን (ዋርድ ገብተው የሚማሩትን) እና ነርሶችን ይይዛል። ከዚያ አስቀድሞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ «ሞርኒንግ» የሚባል ስብሰባ ይደረጋል፤ በዱቲ (በተረኝነት) ያደረው ቡድን ሌሊት የገቡትን ታካሚዎች የሚያስረክበውና ለወሰነው ውሳኔ ምክንያቱን የሚያስረዳው እዚያ ነው።

ቤድሳይድ ግን ዋና ዓላማው ትምህርት ነው። ፈቃዱን የሰጠ አንድ ታካሚ ይመረጣል፣ አንድ ተማሪ ቀደም ብሎ ታሪኩን ይወስዳል፣ ይመረምራል፣ ከዚያም በአስተማሪውና በጓደኞቹ ፊት አልጋው ዳር ቆሞ ያቀርባል። ግራንድ ራውንድ ደግሞ ስሙ ራውንድ ይሁን እንጂ አዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ ውይይት ነው፤ ታካሚው ብዙ ጊዜ በቦታው አይገኝም። ሦስቱን መለየት ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው፦ በራውንድ ላይ ሕክምናውና ትምህርቱ ጊዜ ሲሻሙ መዘግየት ያለበት ትምህርቱ ነው። ትንፋሽ ያጠራት ሴት ኦክስጅን እየጠበቀች ስለ ሳንባ ውኃ መንስኤዎች ተማሪ አይጠየቅም።

ትምህርቱ በክፍል ውስጥ፣ በመጽሐፍ ወይም በቪዲዮ ሊሰጥ አይችልም?

ከፊሉ ይችላል፤ በአናቶሚና በመድኃኒት ባሕርይ ትምህርት ላይ ታካሚን ማድከም ተገቢ አይደለም። በመጽሐፍ የማይገኘው ግን ሰውን የማወቅ ክፍሉ ነው። ይህን የተረዱ አስተማሪዎች ከብዙ ዘመን በፊት ነበሩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣልያን ፓዱዋ ጆቫኒ ባቲስታ ዳ ሞንቴ ተማሪዎቹን ይዞ ሆስፒታል ይገባ ነበር። በሆላንድ ላይደን ኸርማን ቡርሃቨ ከ1714 ጀምሮ፣ ስድስት ለወንዶች ስድስት ለሴቶች፣ በድምሩ 12 አልጋ ብቻ ባለው ክፍል ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን አስተምሯል። በአሜሪካ ደግሞ ዊልያም ኦስለር በ1889 በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተማሪውን ከተመልካችነት አውጥቶ በዋርዱ የዕለት ሥራ ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው አደረገው። በአገራችንም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ሥራ ሲጀምሩ ይህ ልማድ አብሮ ገባ።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በወጣትነት ዕድሜ ያሉ ወገኖቻችንን የሚያጠቃ አንድ የልብ በሽታ አለ፤ በልጅነት በቅጡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ከዓመታት በኋላ የልብን በር የሚያጠብብ ነው። በጠበበው በር ደሙ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ዝቅ ያለና የሚያጉረመርም ስለሆነ ታካሚዋ በግራ ጎኗ ካልተኛች፣ የስቴቶስኮፑም ደወል መሰል ጎን የልብ ትርታ በሚዳሰስበት ቦታ ላይ በስሱ ካላረፈ፣ በቀላሉ ያመልጣል። ድምፁን በስልክ መስማት ይቻላል። ቦታውን ማግኘት፣ ትንፋሽ የሚያጥራትን ልጅ ሳያስጨንቁ ማዞር፣ ስትደክም ማቆምና ማሳረፍ፣ ከዚያም እንደገና ማዳመጥ ግን ከእርሷ ብቻ የሚገኝ ትምህርት ነው።

መሣሪያ ስለበዛ ይህ ሁሉ አስፈላጊ አይደለም የሚሉም አሉ። በ1975 በብሪታንያ በታተመ አንድ ጥናት፣ በተመላላሽ ክፍል ከታዩ 80 አዲስ ታካሚዎች በ66ቱ ላይ ሐኪሞቹ ታሪካቸውን ሰምተው ብቻ የገመቱት በሽታ ከመጨረሻው ውጤት ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል፤ የአካል ምርመራው በ7፣ የላቦራቶሪውም በ7 ሰዎች ላይ ግምቱን ለውጧል። ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሏል። ሲቲ ስካን ለማንሣት ታካሚው ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ አዲስ አበባ በሚላክበት አገር ግን ለማን ምን እንደሚታዘዝ የሚለይ ጆሮና እጅ ዋጋው አልቀነሰም።

ታካሚ ነኝ። ተማሪ እንዳይመረምረኝ መከልከል እችላለሁ? ብከለክል ሕክምናዬ ይጓደላል?

መከልከል ይችላሉ፤ ሕክምናዎም ሊጓደል አይገባም። የዓለም ሕክምና ማኅበር በ1981 ሊዝበን ላይ ባጸደቀውና በኋላም ባሻሻለው የታካሚዎች መብት መግለጫ ውስጥ ታካሚ በሕክምና ትምህርት ላይ ተሳታፊ ላለመሆን መብት እንዳለው በግልጽ ሰፍሯል። ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል መምጣት ፈቃድ እንደ መስጠት ይቆጠራል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የመጣው ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው።

ፈቃድ ሲጠየቅ ጥያቄው እውነተኛ መሆን አለበት። ስምንት ተማሪ ከበዋቸው ሳለ «ቢያዩዎት ቅር አይልዎትም አይደል?» የሚባሉ አዛውንት ምን ይመልሳሉ? በይሉኝታ «ኧረ ምን ችግር አለው» ይላሉ። እኔ የማደርገው አንድ ተማሪ ብቻውን ቀድሞ ሄዶ፣ ስሙንና ተማሪ መሆኑን ነግሮ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣና ምን እንደሚመረመር አስረድቶ፣ እምቢ ማለት እንደሚቻልም ተናግሮ እንዲጠይቅ ነው። ፈቃዱን የሰጠ ሰው በመካከል ቢደክመው ወይም ሐሳቡን ቢለውጥም ያው መብት አለው።

የጡት፣ የማህፀን፣ የብልትና የፊንጢጣ ምርመራ ከዚህ ጠበቅ ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተለይቶ ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ ሌላ የጤና ባለሙያ በቦታው ይገኛል፣ አንድ ተማሪ ከአስተማሪው ጋር ብቻ ይመረምራል። ታካሚዋ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ በተሰጣት ጊዜ፣ አስቀድማ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ፣ ለትምህርት ሲባል የማህፀን ምርመራ ማድረግ በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም።

አንድ ዓይነት ጥያቄ በተማሪ፣ በኢንተርን፣ በሬዚደንትና በሲኒየር አራት ጊዜ የምጠየቀው ለምንድን ነው? የሚያክመኝስ ማነው?

ድካምዎ ይገባኛል፤ በተለይ ሕመም ላይ ላለ ሰው መድገም ከባድ ነው። ይሁን እንጂ መደጋገሙ ብዙ ጊዜ ጥቅም አለው። ታካሚ በድንገተኛ ክፍል ግርግር ያልታወሰውን በማግስቱ ተረጋግቶ ሲጠየቅ ያስታውሳል፤ ጊዜ ያለውም ከሁሉ ይልቅ ተማሪው ነው። ሦስት ሐኪሞች ያለፉትን ነገር፣ ለምሳሌ ታካሚው ከወራት በፊት የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጡን፣ ከአልጋው አጠገብ አንድ ሰዓት የተቀመጠች ተማሪ ስታገኘው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ኃላፊነትን በተመለከተ፣ ተማሪ በራሱ መድኃኒት አያዝም፤ ኢንተርኑ በሬዚደንቱ ቁጥጥር ሥር ይሠራል፤ የመጨረሻው ኃላፊነት የስፔሻሊስቱ ነው። ስሙን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሐኪሞቹ አልጋዬ ዳር ቆመው በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩት ለምንድን ነው? የሚደብቁኝ ነገር አለ?

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የሕክምና ቃላቱም በዚያው ስለተለመዱ ነው እንጂ በአብዛኛው ለመደበቅ አይደለም። ሆኖም ምክንያቱን መናገር ልማዱን ማጽደቅ አይደለም። ስለ ራሱ አካል፣ ከራሱ ራስ በላይ፣ በማያውቀው ቋንቋ ግማሽ ሰዓት ሲወራ ተኝቶ የሚያዳምጥ ሰው ምን እንደሚሰማው እኛ ሐኪሞች ራሳችን ታመን እስክንተኛ ድረስ አናውቀውም።

ሬዚደንት ሳለሁ የሆነውን ልናገር። ሆዳቸው በውኃ የተነፋ፣ ክብደታቸው የቀነሰ አንድ አባት ነበሩን። በራውንድ ላይ ካንሰር ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት እያነሣን፣ በእንግሊዝኛ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ተወያየን፤ ሐሳባችን ወደ ሆድ ዕቃ ቲቢ ያዘነበለ ነበር፣ በኋላም እንዲያው ሆኖ ተገኘ። አባት ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ የለዩት «ካንሰር» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ምሳቸውን መለሱ፤ ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ጠርተው ስለ መሬታቸውና ስለ በሬዎቻቸው መናዘዝ ጀመሩ። ልጁ እያለቀሰ ወደ እኛ ባይመጣ ኖሮ የምንሰማውም አልነበረም። አልጋው ዳር ከቆምነው መካከል አንዳችንም «አባቴ፣ የምንነጋገረው ይህን ነው» አላልናቸውም ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ በማስተምርበት ዋርድ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ታካሚው በሚያውቀው ቋንቋ ቡድኑ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ገና ያልተጣራና የሚያስደነግጥ ግምት ከሆነ ከክፍሉ ውጭ ይነጋገሩበታል፤ ከአልጋው ከመነሣታችን በፊት ደግሞ የተወሰነውን አንድ ሰው በግልጽ ይነግርና «ምን ይጠይቁናል?» ይላል። ይህ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በአገራችን የታካሚው ቋንቋ ሁልጊዜ አማርኛ አይደለም፤ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛና ሌላም የሚናገሩ ሰዎች ይመጣሉ። ቋሚ አስተርጓሚ በሌለበት ከጎን አልጋ ያለ ታካሚ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ይጠራል፤ ምስጢር ግን በዚያው ይወጣል። ቋንቋውን የምትችል ነርስ ወይም ተማሪ ከሌላ ክፍል መፈለግ ጊዜ ቢወስድም የተሻለ ነው።

ዘንድሮ ክሊኒካል ጀማሪ ነኝ። ታሪክ ስወስድ ታካሚው የሚለውንና መጽሐፉ የሚለውን ማገናኘት አቃተኝ። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ደስ ይለኛል፤ ችግሩን ያስተዋለ ተማሪ መንገዱን ጀምሯልና። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ከደረቱ በታች፣ የጨጓራውን አካባቢ ነው፤ ይህን በቀጥታ ተርጉሞ የልብ ሕመም ብሎ የጻፈ ተማሪ ራውንዱን በሙሉ ወዳልሆነ አቅጣጫ ይወስደዋል። «ኩላሊቴን አሞኛል» የሚለው ሰው የወገብ ጡንቻውን ሊሆን ይችላል። «ብርድ መታኝ» የፊት መጣመምም፣ የደረት ውጋትም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትም ይሆናል። «ምች» ትኩሳትና የከንፈር ቁስል ሊሆን ይችላል፣ «የወፍ በሽታ» ደግሞ የዓይን ቢጫ መሆን ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደ ተነገረ፣ በአማርኛ፣ በጥቅስ ጻፍ፤ ቀጥሎ «በጣትዎ ያሳዩኝ»፣ «ሲጀምርዎት ምን ያደርግዎታል?»፣ «ምን ሲያደርጉ ይተውዎታል?» ብለህ ጠይቅ። መተርጎሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ዝም ማለት ነው። በ1984 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ሐኪሞች የታካሚን የመጀመሪያ ንግግር በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። «ምን አመጣዎት?» ካልክ በኋላ ብዕርህን አስቀምጠህ እስኪጨርሱ ስማ።

ሦስተኛው ስለ ጠበልና ስለ ባህል መድኃኒት አጠያየቅ ነው። ታካሚው እንደሚወቀስ ከጠረጠረ ይደብቃል፤ ከደበቀ ደግሞ ጠበል በገባበት ሳምንት የልብ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ማቋረጡን አናውቅም። «ጠበል ሲጠመቁ የሐኪም መድኃኒትዎን አብረው ይወስዱ ነበር?» ተብሎ በአክብሮት የተጠየቀ ሰው እውነቱን ይናገራል። አጠራርም የዚሁ አካል ነው። «እማማ» ወይም «አባባ» ማለት ከልብ ከሆነ መልካም ነው፤ ስማቸውን ጠይቆ «ወይዘሮ» ወይም «አቶ» ብሎ መጥራት ግን የበለጠ ያከብራል። «አልጋ 7» ወይም «ያ የጉበቱ ኬዝ» እየተባለ ሰው እንዲጠራ አልፈቅድም።

በአንድ አልጋ ዙሪያ ሃያ ተማሪ ቆሞ ምን ይማራል?

ከኋላ የቆመው ምንም አይማርም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ሐኪም የሚያሠለጥኑት የአዲስ አበባ፣ የጎንደርና የጅማ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በርካታ ተከፈቱ፣ የተቀባዩም ተማሪ ቁጥር እጅግ አደገ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋታልና ዓላማውን አልነቅፍም፤ የአልጋውና የአስተማሪው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም፣ ዋጋውን የሚከፍሉትም ታካሚውና ከኋላ የቆመው ተማሪ ናቸው።

አስተማሪ በእጁ ያለውን ማድረግ ይችላል። ተማሪዎቹን ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ባለው ቡድን መክፈል፣ ግማሹ አልጋ ዳር ሳለ ሌላው ግማሽ የኤክስሬይ ፊልምና ቻርት (የታካሚውን የሕክምና መዝገብ) እንዲያነብ ማድረግ፣ የሚመረምረውን ሰው በየቀኑ ማፈራረቅ አይከብድም። የሚያምና ያበጠ ጉበት በዐሥር እጅ አይዳሰስም፤ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ከዳሰሰ ይበቃል፣ የቀረው ሌላ ቀን ሌላ ታካሚ ላይ ይማራል። አስተማሪው ተማሪውን «ምን ዳሰስክ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት የታካሚውን ፊት ቢመለከት መቼ ማቆም እንዳለበት ይነገረዋል።

ይህ ሁሉ ሰው ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዞር በሽታ አያስተላልፍም?

እጁን ካላጸዳ ያስተላልፋል፤ ታሪኩም ከሕክምና ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። በ1847 በቪየና ሆስፒታል ኢግናዝ ዜምልቫይስ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎችን አነጻጸረ። ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ክፍል አዋላጆች ከሚሠለጥኑበት ይልቅ ብዙ እናቶች ይሞቱበት ነበር፤ ተማሪዎቹ ከአስከሬን ምርመራ ወደ ምጥ ክፍል በቀጥታ ይመጡ ነበርና። በክሎሪን ውሕድ እጃቸውን እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ፣ በአፕሪል ወር ከ18 በመቶ በላይ የነበረው ሞት በጁን ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ።

ዛሬ የሚጠበቀው እያንዳንዱን ታካሚ ከመንካት በፊትና ከነኩ በኋላ እጅን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ማሸት፣ ወይም በውኃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ መታጠብ ነው። ስቴቶስኮፕም ይጸዳል። ውኃ በሚቋረጥበት ዋርድ የአልኮሉ ጠርሙስ ከራውንዱ ጋር አብሮ መዞር አለበት። ታካሚ ወይም አስታማሚ «እጅዎን አጽድተዋል?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊታይበት አይገባም።

በራውንድ ሰዓት አስታማሚ እንዲወጣ የሚደረገው ለምንድን ነው?

አብዛኛው ክፍል ስድስትና ስምንት አልጋ ያለው ስለሆነ፣ የሌላው ታካሚ ምስጢር እንዳይሰማና ቡድኑ መቆሚያ እንዲያገኝ ነው። ታካሚው ሕፃን ከሆነ፣ ራሱን ካላወቀ ወይም እንዲቀሩለት ከፈለገ ግን አንድ አስታማሚ መቅረት አለበት፤ ሌሊቱን ያደረው እርሱ ነውና ስለ ሌሊቱ ከማንም በላይ ያውቃል።

ተማሪ በስልኩ ፎቶ ማንሣት ይችላል?

ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይችልም። ፊት ባይታይም፣ ስም ባይጻፍም፣ «ለጥናት ብቻ» ቢባልም በቴሌግራም ቡድን የተለቀቀ የቁስል ወይም የኤክስሬይ ምስል ተመልሶ አይሰበሰብም።

ለመጀመሪያው ራውንዴ እንዴት ልዘጋጅ?

ጋውንህ ንጹሕ፣ ስቴቶስኮፕህ፣ ሰዓትህና ትንሽ ባትሪህ በእጅህ ይሁኑ። ራውንድ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድመህ የተመደቡልህን ታካሚዎች ራስህ እይ፤ እንዴት አደሩ፣ በሉ ወይ፣ ሸኑ ወይ፣ የታዘዘው መድኃኒት ተገኝቶ ተሰጣቸው ወይስ ቤተሰብ ከውጭ እስኪገዛ እየተጠበቀ ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በብዙ ቻርት ላይ አይገኝም፤ «ሕክምናው ለምን አልሠራም?» ለሚለው ክርክር ግን ብዙ ጊዜ መልሱ እርሱ ነው።

ስታቀርብ ከወረቀት አታንብብ። የታካሚውን ማንነት፣ ዋናውን ችግርና የቆየበትን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረህ ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል ቀጥል። ምርመራህ ከማየት ይጀምር፣ ወደ መዳሰስ፣ በጣት መታ መታ አድርጎ ማዳመጥና በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ይሂድ። ጣፊያ ስትፈልግ እጅህን ከታች ከቀኝ ጀምረህ ወደ ግራ ጎድን አምጣው፤ ከጎድኑ ሥር የጀመረ ተማሪ ከመተማና ከሑመራ በካላዛር (ጣፊያን እጅግ በሚያሳብጥ በሽታ) ታሞ የመጣን ሰው ግዙፍ ጣፊያ በእጁ ሥር አድርጎት ሳያውቀው ያልፋል። ትንፋሽን ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠር። በየቻርቱ የትንፋሽ ቁጥር ሁሉ «20» ሆኖ ሲጻፍ ማንም እንዳልቆጠረ አስተማሪህ ያውቃል።

ሲኒየሩ ጠይቆኝ ባላውቅስ? በሰው ፊት መዋረድን እፈራለሁ።

«አላውቅም፤ አንብቤ ነገ እመልሳለሁ» በል፣ ነገም መልስ። አለማወቅ ተማሪነት ነው። ከባድ ጥፋት የምለው ያልመረመሩትን መርምሬአለሁ ማለትን ነው፤ «ጉበቱ አይዳሰስም» ብለህ ሳትዳስስ ከተናገርክ ውሳኔ በዚያ ላይ ይወሰናል፣ የሚጎዳውም በአልጋው ላይ ያለው ሰው ነው።

ለአስተማሪዎችም የምለው አለ። በታካሚ ፊት ተማሪን ማዋረድ በአገራችን ለረጅም ጊዜ የብርታት ማስተማሪያ ተደርጎ ተወስዷል። እኔም በዚያ መንገድ ተምሬአለሁ፤ ከዚያ የተማርኩት ግን ያላየሁትን አየሁ ብሎ ማምለጥን ነበር፣ ያን ልማድ ለመተውም ዓመታት ፈጅቶብኛል። የተዋረደ ተማሪ የሌሊት ስሕተቱን አይናገርም፤ ታካሚውም የሚያክመው ልጅ ሲሰደብ አይቶ እምነቱን ያጣል። ጥያቄን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረጃ መጀመር፣ ስሕተትን ከአልጋው ራቅ ብሎ ማረም፣ «ለምን እንዲህ አሰብክ?» ብሎ መጠየቅ ጥብቅነትን አይቀንስም።

ከባድ የምርመራ ውጤት በራውንድ ላይ ይነገራል?

መነገር የለበትም። እንዲህ ያለው ነገር ከሰልፈኛው ቡድን ተለይቶ፣ በተዘጋ ክፍል፣ ተቀምጦ፣ ታካሚው አብሮት እንዲሆን የመረጠው ሰው ባለበት ይነገራል። በእኛ ባህል መርዶ እንኳ በሌሊት፣ በዘመድ ተከቦ፣ በጥንቃቄ ነው የሚረዳው፤ ሰው ስለ ራሱ ሕይወት የሚሰማው ዜና ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም። ብዙ ቤተሰብ «ለእርሷ እንዳትነግሯት፣ ለእኛ ንገሩን» ይለናል። ፍቅራቸውን አከብራለሁ፤ ግን አስቀድሜ ታካሚዋን ራሷን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማን እንድንናገርልዎ ይወዳሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ «ለልጄ ንገሩት» ትላለች፣ አንዳንዷ ሁሉን ታውቀው ኖሮ ጠያቂ ስትጠብቅ ቆይታለች። ተማሪዎች ይህን ውይይት እንዲያዩ እፈልጋለሁ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ብቻ፣ በፈቃዷ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ።

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆቼ በማስተማሪያ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ራውንዱን እንዴት ይከታተሉ?

እዚያም ቡድኑ በጠዋት ተሰልፎ ይመጣል፤ «አቴንዲንግ» የሚሉት የእኛ ሲኒየር ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ በበቂ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በአካል ካልተገኘ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይሆናል። ስለዚህ ለነርሷ አስቀድማችሁ «የአማርኛ አስተርጓሚ ለራውንድ ሰዓት» ብላችሁ አስመዝግቡ። ትንንሽ ልጆችን የአያታቸውን በሽታ አታስተርጉሟቸው።

በእሑድና በበዓል ቀን ራውንድ አለ?

አለ፤ በዱቲ ያለው ቡድን በተለይ የጠናባቸውን ታካሚዎች ያያል፣ ረጅሙ የትምህርት ራውንድ ግን አይኖርም። ተማሪዎች እንዲመጡ አይገደዱም። በፋሲካና በገና ማግስት ዋርድ ብቅ ያለ ተማሪ ግን ጊዜ ያለው ታካሚ፣ ከቤት የመጣ ምግብና ያልተጣደፈ ወሬ ያገኛል፤ ከሳምንቱ ራውንድ ያመለጠው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ሲጋበዝ ቁራሹን ይቀበል፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ይቀመጥ።